ልሥራው ወይስ ልግዛው? የውበት ቅባትና የጌጣጌጥ ንጽጽር፣ ለደብረ ብርሃን ብርድና ለሸዋ ሮቢት ሙቀት

ደብረ ብርሃን ላይ ጥቅምትና ኅዳር ሲገባ ነፋሱ ቆዳ ያደርቃል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ተረከዝ ይነቃል፣ የፀጉር ጫፍ ይበጣጠሳል። በዚያ ሰሞን ከዘመድም ከጎረቤትም የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቅባቱን ልግዛ ወይስ እቤት ልሥራው?» የሠርግ ወር ሲቃረብ ደግሞ ወሬው ወደ ጉትቻ፣ ወደ ቦርሳና ወደ እንሶስላ ይዞራል። ሁለቱንም መንገድ ለዓመታት ሄጄበታለሁ። እቤት ሠርቼ የተበላሸብኝ አለ፣ ገዝቼ ያቃጠለኝም አለ።

መለኪያዬ ዋጋ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የማየው በውስጡ ውሃ መኖሩን ነው። እርጎ፣ የእሬት ዝልግልግ፣ የተቀቀለ ተልባ ውሃ ስላላቸው ቶሎ ይሻግታሉ። ፋብሪካ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ነገር ይጨምርበታል፣ እኛ ማድቤት ውስጥ ያ የለንም። ስለዚህ ውሃ ያለበትን ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚበቃ ብቻ እንሠራለን፣ ወይም እንገዛለን። ቀጥሎ የማየው ነገሩ ቢሳሳት ምን ያህል እንደሚጎዳ ነው። የጠበበ ኮፍያ ይተረተራል፤ ዓይን ውስጥ የገባ መጥፎ ኩል ግን አይተረተርም።

ለፀጉር፦ ለጋ ቅቤ ወይስ የሱቅ ቅባት

በዚህ አገር ስለ ፀጉር ሲወራ ከቅቤ ውጭ መጀመር አይቻልም። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ያለችው ሸኖ በቅቤዋ ስሟ የታወቀ ነው፤ መኪና ቆሞ ቅቤ ሳይገዛ የሚያልፍ ጥቂት ነው። ግን ለወጥ የሚገዛና ለፀጉር የሚገዛ ቅቤ አንድ አይደለም። ባለፈው ገበያ አንዲት ባለ ቅቤ ከቅጠሉ ላይ በጥፍራቸው ቆንጥረው አንጓዬ ላይ አሹልኝ።

«አሽቺው ልጄ። ለወጥ ነው ለራስ?»

«ለራስ ነው እትዬ።»

«እንግዲያው ያንን ተዪው፣ የሰነበተ ነው። ይሄ የትናንት ነው፣ አሬራው ገና አልከረፋም።»

ቁም ነገሩ እዚያው አሬራው ላይ ነው። ቅቤ 80 በመቶ ያህሉ ስብ ነው፤ የቀረው አብዛኛው ውሃ ሆኖ የአሬራ ቅሪት አለበት። ራስ ላይ የሚሸተውና ቶሎ የሚከረፋው ያ ቅሪት ነው። ስለዚህ ገዝታችሁ እንደገባችሁ ቅቤውን በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ እያሻችሁ እጠቡት፣ ውሃውን ድፉት፣ ውሃው ጥርት እስኪል ድገሙት። የደብረ ብርሃን የጠዋት ውሃ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ከዚያ ፀጉር ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ ከፈል ከፈል እያደረጉ ጫፉ ላይ በርከት፣ ሥሩ ላይ ግን ሳሳ አድርጎ መቀባት፣ በሻሽ አስሮ ሁለት ሦስት ሰዓት መቆየት፣ መታጠብ። እናቶቻችን ሹሩባ ከመሠራታቸው በፊት ያደርጉት የነበረው ይኸው ነው፣ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

የሱቅ ቅባት የሚበልጥበት ቦታ ግን አለ። አይሸትም፣ ወራት ይቀመጣል፣ ቢሮ ተቀብቶ መዋል ይቻላል። ፎረፎር ያለበት ሰው ደግሞ ቅቤን ራስ ቅሉ ላይ ባያሳድር ይሻለዋል፤ ፎረፎር የሚያባብሰው ረቂቅ ፈንገስ የሚመገበው ስብ ነውና። እንዲህ ያለ ሰው ገንዘቡን የፎረፎር ሻምፑ ላይ ቢያወጣ ነው የሚያተርፈው።

ሌላው የአገሩ ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን 2840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ተሻግራችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1300 ሜትር ይወርዳል። እዚያ ቅቤ በቀትር ቀልጦ ማጅራት ላይ ይወርዳል፣ አቧራና ዝንብ ይጠራል። ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ሰው ቅቤን ሌሊት ብቻ፣ ቀን ደግሞ ቀለል ያለ የሱቅ ዘይት ጥቂት ጠብታ እመክራለሁ።

ጄል ለሚወዱ ነገሩ አጭር ነው፤ ተልባ ያሸንፋል። ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ፣ ወፈር ብሎ እንደ እንቁላል ውሃ እስኪዝለገለግ እያማሰሉ መቀቀል፣ ሳይቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ ማጥለል። ከቀዘቀዘ አይጠልም። ፍሪጅ ካለ እስከ 1 ሳምንት፣ ከሌለ ሁለት ቀን። ለጉዞ ወይም ለድንገት ግን የሱቁን ያዙ።

ለከንፈርና ለተረከዝ

እቤት መሥራት ከልቤ የምወደው የከንፈር ቅባት ነው። ጠጅ የሚጥል ዘመድ ካላችሁ ሰፈፉን ለምኑ። ሰፈፉን በውሃ አፍሉት፣ በጨርቅ አጥሉት፣ ይደር። ጠዋት ሰሙ ውሃው ላይ እንደ ቂጣ ረግቶ ይገኛል፤ ቢጫ ነው፣ ማር ማር ይሸታል። ከታች የያዘውን ቆሻሻ በቢላ ፋቁት።

አሁን ሰሙን ላጭታችሁ 1 ማንኪያ፣ የወይራ ዘይት 4 ማንኪያ በትንሽ ጣሳ አድርጉና ጣሳውን ውሃ በፈላበት ድስት ውስጥ አቁሙት። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ የንብ ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፣ እሳት ካገኘው ደግሞ ይነዳል። ሲቀልጥ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ ጣሉና በጣት ንኩት። ድርቅ ካለ ዘይት፣ ከፈሰሰ ሰም ጨምሩ። በ4 እጅ ዘይት የሠራሁት ለደብረ ብርሃንና ለመሐል ሜዳ ልክ ነው። ሸዋ ሮቢት ላለች እህቴ የላክሁላት ግን ክዳኑ ውስጥ ፈሶ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ለቆላ በ3 እጅ ነው የምሠራው። ውሃ ስለሌለበት ወራት ይቀመጣል። ከሱቅ የከንፈር ቅባቶች ጋር ሳነጻጽረው ነፋስ ላይ የበለጠ ይቆያል።

ተረከዝ ላይ ግን ቫዝሊን ይበልጣል፤ ይህን ስል አላመነታም። ርካሽ ነው፣ አይከረፋም፣ ውሃ ከቆዳ እንዳይወጣ አጥብቆ ይዘጋል። ማታ እግርን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ፣ አድርቆ፣ ወፈር አድርጎ ቀብቶ ካልሲ አድርጎ መተኛት። በሳምንት ውስጥ ልዩነቱ ይታያል። ለዚህ ቅቤ ማባከን አያስፈልግም።

ለፊት፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ

ታናሽ እህቴ ሠርጓ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፊቷን ለማጥራት ብላ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ተራ በተራ ተቀባች፤ በማግስቱም ሎሚውን ደግማ ገበያ ወጣች። ከሰዓት ጉንጯ ነደደ፣ ሳምንት ሳይሞላ ጠቆረ። ጥቁረቱ እስኪለቅ ወራት ወሰደ፣ የሠርጓ ፎቶ ላይም አለ። አሁንም ሳየው ሆዴን ይበላኛል፣ አጠገቧ ሆኜ አልከለከልኳትምና። የሎሚ ጭማቂ የአሲድ መጠኑ ፒኤች 2 አካባቢ ሲሆን ጤነኛ ቆዳ 5 አካባቢ ነው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል)፤ ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ በተቃራኒው ቆዳን ያደርቃል። ከሁሉ የከፋው ግን የሎሚና የፀሐይ መገናኘት ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ቆዳ ይቃጠላል፣ ይጠቁራል። ሎሚ ለሰላጣ ይሁን።

ከሱቅ በኩልም ለፊት ማቅሊያ የሚሸጡ፣ አምራቹ የማይታወቅ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ቅባቶች አሉ። ከእነዚህ መካከል ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያቀላ ኬሚካል ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ያለባቸው ይገኛሉ። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ሲቀቡት ቆዳ ያሳሳል። ካርቶኑ ላይ ካሎሜል የሚል ስም ካያችሁ ሜርኩሪ ነው፣ መልሱት። ስለዚህ ለማቅላት የሚባለውን እቤት አትሥሩ፣ ከሱቅም አትግዙ። ለልስላሴ ንጹሕ ማር 15 ደቂቃ ቀብቶ መታጠብ ይበቃል።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም ብቻ ያለ ክርክር ይገዛል። የፀሐይ ጎጂ ጨረር ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ከሩብ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። ብርዱ ያታልለናል እንጂ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። እቤት በዘይት የሚደባለቀው መከላከያ ምን ያህል እንደሚከላከል በዓይን አይለካም። ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትን፣ ቀኑ ያላለፈበትን ግዙ።

እንሶስላ ወይስ ሂና

እንሶስላ መሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ሥሩ ታጥቦ፣ ተወቅጦ፣ እጅና እግር ላይ ተለጥፎና ተጠቅልሎ ሌሊቱን ያድራል። ጠዋት ሲፈታ ጥፍሩ እንደ ደረቀ በርበሬ ቀልቶ ይወጣል፤ ከጥፍር ላይ የሚለቀው ጥፍሩ ሲያድግ ነው። ሚዜዎች ተሰብስበው እጃቸው ተጠቅልሎ ሲጫወቱ ማደራቸውስ በምን ይገዛል?

የሱቅ ሂና የሚመረጠው ጥለት መሳል ለሚፈልግ ነው፤ እንሶስላ ይሸፍናል እንጂ ሥዕል አይሆንም። ስትገዙ ቀለሙን ጠይቁ። ንጹሕ ሂና ወደ ብርቱካንማና ቀይ ቡናማ ነው የሚሄደው፣ ሰዓታትም ይፈልጋል። «ጥቁር ሂና ነው፣ በግማሽ ሰዓት ይይዛል» ከተባላችሁ ብዙ ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ የሆነው ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ተጨምሮበታል። እሱ ቆዳን አቁስሎ ጠባሳ ሊተው ይችላል፣ አንዴ የተቆጣ ሰውነትም ኋላ የፀጉር ቀለም ሲነካው ደግሞ ይቆጣል።

ኩል ላይ ደግሞ ከገበያ በብልቃጥ የሚሸጠውን ዱቄት ለሕፃን ዓይን አታድርጉ። አንዳንዱ እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ድንጋይ ተፈጭቶ የሚሠራ ነው። የምትኳሉ ከሆነ ምን እንዳለበት የተጻፈበትን የፋብሪካ መኳያ ግዙ።

ኮፍያ፣ ጉትቻና ቦርሳ

የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። ባና እና ዝተት የሚባሉት ወፍራም የብርድ ልብሶች የሚወጡለትም ለዚህ ነው። በእንዝርት የተፈተለ ክር ገዝታችሁ በኪሮሽ ኮፍያ ብትሠሩ ይሞቃል፣ እርጥበት ይዞም አይቀዘቅዝም፤ ግንባር ላይ ግን ይበላል። ስስ የጥጥ ጨርቅ ገበር ስትሰፉለት ችግሩ ያልቃል። ማጠቢያው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ በሙቅ ውሃ ያጠብኩት የአባቴ ኮፍያ ለወንድሜ ልጅ ሆነ።

የሱቁ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ኮፍያ ለስላሳ ነው፣ እንደፈለጉ ይታጠባል፣ ቀለሙም ብዙ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ከሰል ምድጃ ዙሪያ መቀመጣችን ነው። አክሪሊክ ፍም ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ የበግ ጠጉር ግን ቶሎ አይያያዝም፣ ሲያዝም ራሱ ይጠፋል። እሳት አጠገብ ለሚውል ልጅና ለሽማግሌ የበግ ጠጉሩን ምረጡ፤ ኪሮሽ የማትችሉ ከሆነ ከሠሪዎቹ ግዙ፣ ሦስት ምሽት የሚፈጅ ሥራ ነውና ዋጋ አታሳንሱባቸው።

ጉትቻ ላይ ነገሩን ለሁለት እከፍለዋለሁ። የሚታየውን እቤት፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ከብር ሠሪ። ጨሌ መደርደር፣ አለላ በክብ ካርቶን ላይ መጠቅለል ማንም በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። መንጠቆው ርካሽ ብረት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ኒኬል ይኖረዋል፤ ጆሮ ያሳክካል፣ ውሃ ይቋጥራል። ጥንድ የብር መንጠቆ አንዴ ገዝቼ ጌጡን ብቻ እየቀያየርኩ ስንት ዓመቴ።

የስፌት ቦርሳ ግን እቤት እሠራለሁ ብላችሁ አትነሱ። በወስፌ እየበሱ ስንደዶና አክርማ መስፋት ከልጅነት የሚያዝ እጅ ነው፣ አንድ ሙዳይ የሚያህል ቦርሳ ሳምንታት ይበላል። ግዙትና የቆዳ ጠፍሩን ራሳችሁ አስገቡለት። ስትገዙ ወደ ፀሐይ አንስታችሁ ውስጡን እዩ፤ በስፌቱ መካከል ብርሃን ነጠብ ነጠብ ካለ ልል ነው። ከዚያ የነጠላችሁን ጫፍ በምራቅ አርጥባችሁ ሳይሆን ነጭ ጥጥ በውሃ ነክራችሁ ቀዩ አለላ ላይ ጫን አድርጉት። ጥጡ ከቀላ ክረምት ላይ ነጠላችሁን ያበላሻል፤ «ሌላ አሳዪኝ» በሏት።