የኮኮናት ቃጫ ንጣፍ ከ14 ወር በኋላ፦ ሦስት ታራንቱላዎችና የእርጥበት ነገር

ይህን ግምገማ በሁለተኛው ሳምንት ብጽፈው ኖሮ ከአንድ ኮከብ በላይ አልሰጠውም ነበር። አሁን 14 ወር አልፎኝ ስጽፈው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዷን ለምን እንደቀነስኩም እነግራችኋለሁ። ዕቃው ታምቆ በጡብ መልክ የሚሸጥ የኮኮናት ቃጫ ነው። ደረቁን 650 ግራም ይመዝናል፤ 4 ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ አብጦ ወደ 8 ሊትር የሚጠጋ፣ አፈር የሚመስል ልቅ ነገር ይወጣዋል። አትክልተኞች ለችግኝ ይጠቀሙበታል፤ እኛ ሸረሪት አሳዳጊዎች ደግሞ ወለል ላይ እናነጥፈዋለን።

ሦስት ታራንቱላዎች፣ ማለትም ፀጉራም ትልልቅ ሸረሪቶች፣ አሉኝ። ትልቋ ዳማ ትባላለች፤ ባለቀይ ጉልበት የሜክሲኮ ታራንቱላ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ብራኪፔልማ ሃሞሪ ናት። ብዙዎቻችን ብራኪፔልማ ስሚቲ እያልን ስንጠራት ኖረናል፤ ሁለቱን ዝርያዎች በደንብ የለያቸው በ2017 የወጣ ጥናት ነው። ሁለተኛዋ ጎፈሬ ናት፤ ፀጉሯ የተጠቀለለው ትሊልቶካትል አልቦፒሎሰስ። ሦስተኛዋ ገና ትንሽ ልጅ ናት፣ ዛፍ ላይ የምትኖረው የማርቲኒኳ ካሪቤና ቨርሲኮለር። ሦስቱም በሰው እጅ ተራብተው የተወለዱ ናቸው። የብራኪፔልማ ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ፣ ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚገዛው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ።

የመጀመሪያው ስህተት የራሴ ነበር። ጡቡን ዘፈዘፍኩ፣ በጨርቅ ጨመቅኩት፣ ይበቃዋል ብዬ 30 በ30 ሴንቲሜትር በሆነው የዳማ ሳጥን ውስጥ ዘረጋሁት። 9 ሴንቲ ያህል ከፍታ ወጣው። ሲያዩት ያምራል፤ ጥቁር ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ዝናብ የመታው ጫካ የሚሸት። ዳማን ሳስገባት ግን የፊት እግሯን አሳርፋ ወዲያው አነሳችው። ሌላኛውን ሞከረች፤ እሱንም አነሳችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወጣችና አራት ቀን ሙሉ አልወረደችም። መሬት ላይ የምትኖር ከባድ ታራንቱላ ግድግዳ ላይ ስትንጠለጠል ቀላል ነገር አይደለም፤ ብትወድቅ ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል። ከንጣፉ እስከ ክዳኑ ያለው ርቀት ከእግሯ ዝርጋታ ከአንድ ጊዜ ተኩል አይብለጥ የሚባለውም ለዚህ ነው። የዳማ እግር ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሴንቲ ነው። ሳጥኑ ቁመቱ 30፣ ንጣፉ 9፣ የቀረው 21። ልክ ድንበሩ ላይ ነበርኩ።

በዚህ ላይ የእርጥበት መለኪያው መጣ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ባለቀስት ክብ መለኪያ ነበረኝ፤ 45 በመቶ ያሳያል። ያነበብኩት መመሪያ ደግሞ 70 ይላል። ቁጥሩን ለማድረስ ጠዋት ማታ ውሃ እረጫለሁ፤ አልደርስ ሲለኝ ግማሹን የአየር ቀዳዳ በፕላስተር ዘጋሁት። በዘጠነኛው ቀን ከውሃ ሳህኗ ጀርባ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ በቀለ። ሳትጨርሰው የተወችው የፌንጣ ቅሪት ላይ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ ነጫጭ ቅንቅኖች ይርመሰመሳሉ። ዳማን ወደ ጊዜያዊ ሳጥን አዛውሬ ሁሉንም ገልብጬ ጣልኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በእኔ እጅ ያለች ፍጡር ናት፤ ያንን ቤት የመረጥኩላት እኔ ነኝ፣ ወጥታ ሌላ መፈለግ አትችልም።

በማግሥቱ መለኪያውን ፈተንኩት። ዘዴው ቀላል ስለሆነ ማንም ቢሞክረው ደስ ይለኛል። የጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጋችሁ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት፤ ይለስልስ እንጂ አይሟሟ፣ እንደ ጠጠር ያለ ቡኮ ይሁን። ክዳኑንና መለኪያውን ሳይነካኩ አንድ ላይ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ዝጉና አሳድሩት። ረጥቦ ያልሟሟ ጨው በቤት ሙቀት ዙሪያው ያለውን አየር ወደ 75 በመቶ እርጥበት ያመጣዋል። የእኔው መለኪያ ጠዋት ስነሳ 52 ላይ ቆሟል። ዳማን አፍኜ፣ ንጣፉን አሻግቼ ሳሳድደው የነበረው ቁጥር ከመጀመሪያውም ሐሰት ነበር።

ትክክል ቢሆንስ ኖሮ? ይህን ጥያቄ ሳስብ ነው ነገሩ የገባኝ። የዳማ ዝርያ የሚገኘው በሜክሲኮ ምዕራብ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ በኩል ባሉት በኮሊማ፣ በሃሊስኮና በሚቾአካን ግዛቶች ነው። ዝናቡ የተወሰኑ ወራት ይዘንብና ከዚያ ረጅም በጋ ይሆናል። ላዩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ እሷ ግን ጉድጓዷ ውስጥ ናት፣ ታችኛው አፈር ደግሞ ርጥበቱን ይዞ ይቆያል። የሳጥኑ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መለኪያ እሷ የማትኖርበትን አየር ነው የሚለካው። የምትፈልገው ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ ርጥብ የሆነ ጥልቅ ወለልና ንጹሕ አየር ነው፤ በተጨማሪም ሁልጊዜ ውሃ ያለበት ሳህን። ሳህኑ ውስጥ ስፖንጅ የሚያስገቡ አሉ፤ አያስፈልግም፣ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይሆናል እንጂ።

ሁለተኛውን ጡብ በዚህ ሐሳብ አዘጋጀሁት። ከተዘፈዘፈ በኋላ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግቼ፣ እያገላበጥኩ ሁለት ቀን አደረቅሁት። መለኪያዬ እጄ ሆነ፦ አንድ እፍኝ ጨብጬ ስጨምቀው ቅርጹን ይይዛል፣ ጠብታ ግን አይወጣውም፤ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ማዳበሪያም ፀረ ተባይም ያልነካው ተራ አፈር ከሁለት እጅ ቃጫ ጋር አንድ እጅ ቀላቀልኩበትና በመዳፌ እየጠቀጠቅኩ 12 ሴንቲ አደረስኩት። መጠቅጠቁን አትዝለሉት፤ ልቅ ቃጫ ላይ እግሯ ይሰምጣል፣ አትወደውም። የዘጋኋቸውን ቀዳዳዎች ከፈትኩ፤ በአንዱ ጎን ዝቅ ብለው፣ በሌላው ከፍ ብለው ስለሆኑ አየሩ አቋርጦ ያልፋል። መርጨቱን ተውኩት። በሁለት ሳምንት አንዴ አንደኛው ጥግ ላይ በቀጭን ቱቦ እስከ ታች ውሃ አወርዳለሁ፣ ያም ራሱ ተዘዋውሮ ሥሩን ያረጥባል። ግልጹ የሳጥን ግድግዳ ሁሉንም ያሳያል፤ ጠቆር ያለው ርጥብ ነው፣ የነጣው ደረቅ። የታችኛው ሦስት ጣት ጠቁሮ እስካየሁት ድረስ አልጨነቅም።

ዳማ በመጀመሪያው ቀን ወለሉ ላይ ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት፣ መደበቂያ እንዲሆናት ካስቀመጥኩላት የዛፍ ቅርፊት ሥር መቆፈር ጀመረች፤ ቃጫውን በፊት ክንዶቿ ሰብስባ፣ በድር ጠቅልላ እንደ ኳስ ታቅፋ ወደ ውጭ ትወስዳለች። ሰዓታት ቁጭ ብዬ ያየሁት ነው።

ፈተናው የመጣው በስምንተኛው ወር ነው። አምስት ሳምንት ምግብ አልነካችም። ሆዷ ላይ ፀጉር የተመለጠበት ቦታ ጠቆረ፣ የጉድጓዷን አፍ በድርና በቃጫ ደፈነችው። ቆዳ ልትቀይር ነው። በዚህ ጊዜ የሰውነቷ ውሃ ሁሉ ነገር ነው። ከአሮጌውና ከአዲሱ ቆዳ መካከል የሚገባ ፈሳሽ ያስፈልጋታል፣ እግሮቿን የምትዘረጋውም በፈሳሽ ግፊት ነው፤ የጠማት ታራንቱላ ሆዷ ይጨማደዳል፣ እግሮቿም ወደ ሥሯ ይታጠፋሉ። አንድ ምሽት በግድግዳው በኩል አጮልቄ ሳይ በጀርባዋ ተኝታለች። ለማያውቅ ሰው የሞተች ነው የምትመስለው። ሞታ ቢሆን ግን በሆዷ ነበር እግሯን ሰብስባ የምትገኘው። መብራቱን አጠፋሁና ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ። እግሮቿ ጣት ከጠባብ ጓንት እንደሚወጣ እየተሳቡ፣ እያረፉ፣ እንደገና እየተሳቡ ስምንቱም ወጡ። አዲሱ ጥርሷ ወተት የመሰለ ነጭ ነበር። ወደ ጥቁር ተለውጦ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ሕያው ነገር አላስገባሁባትም፤ አንዲት ፌንጣ እንኳ ለስላሳ ገላዋን ልትጎዳው ትችላለች። የተጣለውን ቆዳ በኋላ አውጥቼ ስዘረጋው ሆዱ በኩል አራት ነጫጭ ቦታዎች ታዩኝ። የሳንባዎቿ ሽፋን ነው፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደራረበ ቅጠል የሚተነፍሱት ሳንባዎች። አንዲት ገጽ አልተቀደደችም፣ አንድ እግር አልቀረም። ያን ጊዜ ነው ለዚህ ንጣፍ ኮከቦቹን የሰጠሁት።

ያጎደልኳት አንዷ ኮከብ በሁለት ነገር ነው። ቃጫው ለብቻው ጉድጓድ አይሸከምም። ጎፈሬ ቁፋሮ ወዳድ ናት፤ በንጹሕ ቃጫ ያዘጋጀሁላት ቤት ሁለት ጊዜ ተደርምሶባታል፣ ከአፈር ጋር ከቀላቀልኩት በኋላ ግን ዋሻዋ እስካሁን ቆሟል። ሌላው፣ ሲደርቅ ከግድግዳው ይሸሻል፣ ከላይም እንደ ዱቄት ይቦናል። የዳማ ወለል በ14 ወር ሁለት ሴንቲ ያህል ወርዷል። እንደዚያም ሆኖ ከፒት፣ ረግረግ ውስጥ ከበሰበሰ ዕፅዋት ከሚገኘው አፈር መሰል ነገር፣ ይሻላል፤ ፒት አንዴ ድርቅ ካለ ውሃ ላዩ ላይ ይንኳለላል፣ ቃጫው ግን ቀስ እያለም ቢሆን መልሶ ይጠጣል። ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ፤ ማዳበሪያ የተጨመረበት አለ፣ ለእኛ አይሆንም። ጨው የቀረበትም ስለሚኖር እኔ አንድ ሁለት ጊዜ አለቅልቀዋለሁ። የዝግባና የጥድ ፍቅፋቂ ግን ከነሽታው ይቅር፣ ዘይቱ ይጎዳቸዋል።

ለቨርሲኮለሯ ብዙ የምለው የለኝም፤ እሷ ወለሉን እምብዛም አትነካውም። አምስት ሴንቲ ቃጫ፣ የቆመ የቡሽ ቅርፊት፣ ትንሽ የውሃ ሳህንና ብዙ አየር ይበቃታል። ዛፍ ላይ ለሚኖሩት የታፈነ እርጥብ አየር ከድርቀት ባልተናነሰ ያስፈራኛል።

ሻጋታው ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጎፈሬ ሳጥን ጥግ ብቅ ብሎ ነበር። ስፕሪንግቴይል የሚባሉትን ጥቃቅን ዘላይ ነፍሳት ለቀቅኩበት፤ በሳምንት ውስጥ ጠረጉት። ዛሬ ሦስተኛው ጡብ ትሪው ላይ ተዘርግቷል። ጠዋት አንድ እፍኝ ጨብጬ አየሁት፣ ገና ሁለት ጠብታ ወጣው። ነገም ይደር፤ የዳማን ወለል ከዚያ ወዲያ እሞላዋለሁ።