«ኤስኤስዲ አለው» የተባለ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ ሲ ድራይቩን እዩ

ሰሞኑን በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በኩል በቴሌግራም የሚዞር አንድ ማስታወቂያ አለ። «ኮር አይ ፋይቭ፣ 4 ራም፣ ኤስኤስዲ + 500 ጊጋ፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ ከዱባይ የገባ» ይላል። ዋጋው ሃያ ምናምን ሺህ ብር ነው። የሃርድ ዲስኩ መጠን ተጽፏል አይደል? የኤስኤስዲውስ፣ የፈጣኑ ማከማቻ? ነቄ በሉ፣ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ገዝቶት መጣ። ሱቅ ውስጥ ሲያበሩለት ዴስክቶፑ ከመቅጽበት ከች አለ። «ወንድሜ፣ ፍጥነቱን አየኸው?» ብለውታል። ደግሞም አልዋሹም፣ ሲነሳ ይፈጥናል። እኔ ግን «ዚስ ፒሲ»ን ከፈትኩት። ዊንዶውሱ የተጫነበት ሲ ድራይቭ በጠቅላላው 29.8 ጊጋ። የቀረው ቦታ 2 ጊጋ አይሞላም፣ መስመሩም ቀይ ሆኗል። ዲ ላይ፣ ማለትም ሃርድ ዲስኩ ላይ፣ ደግሞ 465 ጊጋ ባዶውን ተኝቷል። ልጁ ኦፊስና ቴሌግራም ከመጫን ሌላ ምንም አላደረገም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2012 እና 2013 አካባቢ የወጡ ብዙ አልትራቡኮች (ቀጫጭን ላፕቶፖች) ከሃርድ ዲስካቸው ጋር 24 ወይም 32 ጊጋ የሆነች ትንሽ ኤስኤስዲ ነበረቻቸው። የተሠራችው ዊንዶውስ እንዲጫንባት አይደለም። ቶሎ ቶሎ የሚከፈቱ ፋይሎችን ቅጂ ይዛ ቀርፋፋውን ሃርድ ዲስክ እንድታግዝ ነው፤ ካሽ ይሉታል። ነጋዴው ካሹን አጥፍቶ ዊንዶውሱን እዚያችው ላይ ይጭነዋል። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ነገር ፏ ያለ ነው። ጉዱ የሚታየው ቤት ሲደርስ ነው።

ማይክሮሶፍት ራሱ በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 ቢያንስ 32 ጊጋ ይጠይቃል፤ ለዊንዶውስ 11 ደግሞ 64። ያውም ይሄ ለመነሻ ያህል ነው። አፕዴት ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ የለም። በፓኬጅ የገዛችሁትን ዳታ በልቶ «ቦታ የለም» ብሎ ይቆማል፣ ነገ ደግሞ እንደገና ይሞክራል። «ዳውንሎድስ» የሚባለው ፎልደር፣ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንት፣ ካልነካችሁት ሁሉም ሲ ላይ ነው። ከቴሌግራም ያወረዳችሁት ቪዲዮም እዚያው ይከማቻል። ራሙ 4 ብቻ ስለሆነ ዊንዶውሱ ራም ሲያጥረው ትርፉን የሚጽፍበት ፋይልም ሲ ላይ ነው። ኤስኤስዲ ደግሞ ጢም ብሎ ሲሞላ ራሱ ይዘገያል፤ አዲስ ነገር ከመጻፉ በፊት አሮጌውን የሚያጸዳበት ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ለፍጥነቱ ብላችሁ የገዛችሁት ነገር ትንሽ ቆይቶ መንቀርፈፍ ይጀምራል።

በዚያ ላይ የእነዚያ ዓመታት ፕሮሰሰሮች ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ውስጥ የሉም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ሻጩ ይሄን አይነግራችሁም።

ትንሽ ኤስኤስዲ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። 128 ጊጋ ላይ ዊንዶውስ ጭኖ ፋይሉን ዲ ላይ ማስቀመጥ ለተማሪ በቂ ነው፣ እኔም የምሠራው በዚያ ነው። 32ን ግን በነጻም አልወስድም። ቦርዱ ላይ የተበየደ ኢኤምኤምሲ (ከኤስኤስዲ የሚዘገይ የማከማቻ ቺፕ) እያላቸው «ኤስኤስዲ» ተብለው የሚሸጡ ትንንሽ አዳዲስ ላፕቶፖችም አሉ። እነሱን ጭራሽ አትንኩ፣ ነቅሎ መቀየር የለም።

ሱቅ ስትገቡ «ስንት ጊጋ ነው?» ብቻ አትበሉ። «ኤስኤስዲው ለብቻው ስንት ነው?» በሉ። ከዚያ በእጃችሁ አረጋግጡ። የስታርት ቁልፉን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ግቡ። እያንዳንዱ ዲስክ ከነመጠኑ ተዘርዝሮ ይታያል። 128 የተባለው 119፣ 256 የተባለው 238 ሆኖ ቢታይ አትደንግጡ፣ ዊንዶውስ አቆጣጠሩ እንደዚያ ነው። 29 ወይም 22 ካያችሁ ግን ሰላም ብላችሁ ውጡ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ መላ አለው። ሃርድ ዲስኩን አስወጥታችሁ በቦታው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ፣ 256 ጊጋ፣ አስገቡና ዊንዶውሱን እዚያ ላይ አስጭኑ። የወጣውን ሃርድ ዲስክ የዩኤስቢ ኬዝ ገዝታችሁለት እንደ ፍላሽ ተጠቀሙበት። እስከዚያው ዳውንሎድስን ወደ ዲ አዙሩ፣ ሃይበርኔሽንም (የራሙን ይዘት ሲ ላይ አስቀምጦ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋውን) አጥፉ። የጎረቤቴን ልጅ ለጊዜው በዚህ አስተንፍሰነዋል።

ገንዘብ ማስመለስ ለምትፈልጉ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስለወጥ ወይም ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል ይላል። ደረሰኝ ከሌላችሁ ግን ሻጩ «አላውቃችሁም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ስትከፍሉ ደረሰኙ ላይ «ላፕቶፕ» ብሎ እንዳያልፈው፤ የኤስኤስዲውን መጠን በቁጥር ያስፍር። ማስታወቂያውንም ሳይጠፋ ስክሪንሾት አንሱት።