«ቱ ኦል ትሬይንስ»፦ የስቲቭ አልቢኒ የመጨረሻ ሸክላ

ሼላክ የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ስድስተኛና የመጨረሻ አልበም «ቱ ኦል ትሬይንስ» ለሽያጭ የበቃው እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2024 ሲሆን፣ የባንዱ ጊታር ተጫዋችና ድምፃዊ ስቲቭ አልቢኒ ከዚያ ዐሥር ቀን ቀደም ብሎ በ61 ዓመቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም ዐርፏል። ዐሥር ዘፈኖች የያዘው ይህ ሸክላ ሁለቱም ገጾቹ ተደምረው 28 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃሉ። እኔ ግን ከገዛሁት ጀምሮ ደጋግሜ የማዳምጠው፣ ከአርባ ዓመት በላይ የዘለቀ የአንድ የሙዚቃ ቀረጻ ባለሙያ ሥራ በሙሉ በውስጡ ስለሚሰማኝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮዬን የሚይዘው የባንዱ ከበሮ መቺ የቶድ ትሬነር ከበሮ ነው። ዱላው ቆዳውን ሲመታ ደረቅና አጭር ድምፅ ይወጣል፤ ወዲያው ደግሞ ክፍሉ ራሱ ይመልስለታል። አልቢኒ ይህን የሚያገኘው ከበሮው አጠገብ ከሚተክላቸው ማይክሮፎኖች ሌላ ራቅ አድርጎ ወለሉ ላይ ተጨማሪ ማይክሮፎኖች በማስቀመጥ፣ የእነሱንም ድምፅ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ በማዘግየት ነበር፤ ያችን ቅንጣት መዘግየት ጆሮ እንደ ቦታ ስፋት ይረዳታል። የቦብ ዌስተን ቤዝ ከሥር ወፍራምና ሻካራ ሆኖ ይሄዳል፤ አንገቱ ከአሉሚኒየም የተሠራው የአልቢኒ ጊታር ደግሞ ቆርቆሮ በምስማር እንደሚቧጨር ስል ሆኖ ይጮኻል። ሦስቱም አንዱ ሌላውን ሳይሸፍን ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይሰማሉ።

አልቢኒ በሞንታና ግዛት ሚዙላ አድጎ፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ያጠና ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ቢግ ብላክ የተባለውን ባንድ ሲጀምር ከበሮውን የሚመታለት ሮላንድ የተሰኘ ማሽን ነበር፤ ማሽኑም እንደ አንድ የባንዱ አባል በስሙ ይጠቀስ ነበር። ቀጥሎ ለመሠረተው ባንድ ያወጣለት ስም እዚህ ለመጻፍ የሚከብድ ሲሆን፣ በዚያን ዘመን ሰውን ለማስደንገጥ ብሎ የተናገራቸውና የጻፋቸው ብዙ ነገሮችም ጎጂ ነበሩ። በ2021 ግን ማንንም ሳይወቅስ ጥፋቱን በይፋ በራሱ ላይ ወስዷል፤ ይህን ማድረጉን አከብርለታለሁ።

በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው ግን ለሌሎች በቀረጸው ሥራ ነው። የፒክሲስን «ሰርፈር ሮዛ» በ1988፣ የፒጄ ሃርቪን «ሪድ ኦቭ ሚ» እና የኒርቫናን «ኢን ዩቴሮ» በ1993፣ የጂሚ ፔጅንና የሮበርት ፕላንትን «ዎኪንግ ኢንቱ ክላርክስዴል» በ1998 እሱ ቀርጿል። በ2006 የወጣው የጆአና ኒውሰም «ይስ» ላይ ደግሞ የበገናውና የድምጿ ቀረጻ የእሱ ነው። ይህን ከመሰለ ጩኸት ጋር የኖረ ሰው የበገናን ክር ያን ያህል በጥንቃቄ መያዙ የሚያስገርመው፣ በሁለቱም ቦታ የሚሠራው አንድ ሥራ መሆኑን ያላስተዋለ አድማጭን ብቻ ይመስለኛል። ከፊቱ ያለው ሙዚቀኛ የሚጫወተውን ሳያሳምርና ሳይቀንስ በቴፕ ክር ላይ ማስቀመጥ ሥራው ነበር፤ ስለዚህም የአልበሙን አቅጣጫ የሚወስን ሰው በሚሰጠው «ፕሮዲውሰር» የሚል ስም መጠራትን አይወድም ነበር።

ክፍያን የሚመለከተው አቋሙም ከዚሁ የመነጨ ነው። ለኒርቫና በጻፈው ደብዳቤ ከሽያጩ መቶኛ ድርሻ እንደማይፈልግ፣ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ ሥራውን ሠርቶ የሥራውን ዋጋ ብቻ መቀበል እንደሚሻ ገልጾ ነበር። የተቀበለውም 100,000 ዶላር ነው። አልበሙ ከወጣ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ሲሸጥ ከድርሻው ምን ያህል ገንዘብ እንደቀረበት መገመት አያስቸግርም። ዘፈኑ የባንዱ ነው ብሎ ያምን ስለነበር ግን እስከ መጨረሻው በዚሁ ጸንቷል።

በ1997 ቺካጎ ውስጥ የከፈተው ኤሌክትሪካል ኦዲዮ የተባለው ስቱዲዮ ግድግዳው ከኒው ሜክሲኮ በመጣ፣ በእሳት ባልተተኮሰ የጭቃ ጡብ የተሠራ ነው። ስመ ጥር ባንዶችም ማንም የማያውቃቸው ጀማሪዎችም ይገቡበት ነበር። የኔዘርላንዱ ባንድ ዘ ኤክስ ከእሱ ጋር በቀረጸውና በ2004 ባወጣው «ተርን» በተሰኘው አልበም ውስጥ «ጌታቸው» የሚል ዜማ አለ፤ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ባነገሠው በጌታቸው መኩሪያ ስም የተሰየመ ነው። ባንዱ ከጋሽ ጌታቸው ጋር ሆኖ በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ዜማ ያላዳመጠ የአገራችን አንባቢ ፈልጎ እንዲሰማው አጥብቄ እመክራለሁ።

ወደ ሸክላው ልመለስና፣ ቅሬታም አለኝ። አልቢኒ የሰውን ድምፅ እንደ ማንኛውም መሣሪያ ያየው ስለነበር ከሙዚቃው በላይ ከፍ አያደርገውም ነበር፤ ስለዚህ ግጥሙን ለመያዝ ሁለት ሦስት ጊዜ መስማት ያስፈልጋል፣ በትንሽ የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ጨርሶ አይያዝም። ዜማ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ቶሎ ሊሰለቸው ይችላል፤ ከዚህ በፊት ሼላክን ሰምቶ የማያውቅም በ1994ቱ «አት አክሽን ፓርክ» ቢጀምር ይሻለዋል። ከበሮ የሚመታ፣ ቀረጻ የሚማር ወይም ሦስት ሰው ብቻ ሆኖ ምን ያህል መሙላት እንደሚቻል ማወቅ የሚፈልግ ግን ያለ ማመንታት ይግዛው።

ሦስቱ ጓደኛሞች አልበሙን የቀረጹት ከ2017 እስከ 2022 ድረስ ከሌላ ሥራቸው በተረፋቸው የሳምንት መጨረሻ ቀናት ነው። የመዝጊያው ዘፈን ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሲኦልን አልፈራም» ማለት ነው። ሲቀርጹት ስንብት መሆኑን አንዳቸውም አላወቁም፤ አልቢኒም እንደ ወትሮው ጊታሩን በትከሻው ሳይሆን በወገቡ ታጥቆ ተጫውቶታል።