መጠየቅ ወይስ አይቶ መጻፍ?

በአሜሪካ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት የእያንዳንዱ ነዋሪ ጤና ኤምዲኤስ በሚባል ወጥ ቅጽ ይመዘገባል። ሁለት መንገድ አለ፤ ነዋሪውን ራሱን መጠየቅ፣ አለዚያም ሠራተኛው ያየውን መጻፍ።

እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ ሚዛኑ ወደ ሠራተኛው ያጋደለ ነበር። ችግሩ፣ ሕመም ሁሌ አይታይም። ጉልበታቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዛቸው ያደሩ እናት፣ ጠዋት ነርሷ ስትገባ ፈገግ ይላሉ። መዝገቡ ላይ "ሕመም የለም" ይሰፍራል። በቃ። ከዚያ ወዲህ ቅጹ እንደሚያዘው ስላለፉት 5 ቀናት በቀጥታ ሲጠየቁ ግን ይናገራሉ።

ማስታወስም እንዲሁ ነው። "ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ" ይባሉና ቆየት ብሎ እስቲ ይድገሙት ይባላሉ። ጨዋታ ቢመስልም "ደህና ናቸው" ከሚል ግምት በብዙ ይሻላል። የመስሚያ መሣሪያቸው መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ግን ውጤቱ ገደል ገባ!

ለእኔ መጠየቁ ይቀድማል። መናገር ለማይችሉ ግን ምልከታ የግድ ነው፤ ፊት ማኮሳተር፣ ማቃሰት፣ የሚያመውን ቦታ መያዝ። ይህን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ቅጹን የሚሞላው ሰው ሳይሆን በየቀኑ የሚያጥባቸውና የሚያለብሳቸው ረዳት ነው።