የክሎይስተርስ ሙዚየም የአትክልት ስፍራዎች

በኒውዮርክ ከተማ የክሎይስተርስ ሙዚየምን የሚጎበኝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ባለ አንድ ቀንዱን ፈረስ የሚያሳዩትን ዝነኛ የግድግዳ ምንጣፎች ለማየት ነው፤ እኔ ግን በማንሃተን ሰሜናዊ ጫፍ፣ በፎርት ትራይን ፓርክ ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተው ይህ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ጥበብ ሙዚየም ከሁሉ በፊት ለአትክልት ስፍራዎቹ ሲባል ሊጎበኝ ይገባዋል እላለሁ።

ትልቁ የኩክሳ ግቢ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በፒሬኔ ተራሮች ለሚገኝ ገዳም ከሮዝማ እብነ በረድ የተጠረቡ ዓምዶች ዙሪያውን ከበውታል፤ በመስቀል ቅርጽ የሚቋረጡ መተላለፊያዎችም ለአራት ይከፍሉታል፣ መጋጠሚያቸው ላይ ፏፏቴ አለ። አሠራሩ የዘመኑን የገዳም ግቢ በሚገባ ያሳያል። አበቦቹ ግን በከፊል የዛሬ ዝርያዎች በመሆናቸው፣ ለዓይን ቢማርኩም፣ የመካከለኛውን ዘመን ፈልጎ ለመጣ ሰው ጥቂት ቅር ያሰኛሉ።

ዋናው ሀብት ያለው በታችኛው ደረጃ፣ በቦንፎን ግቢ ነው። በመካከለኛው ዘመን ይታወቁ የነበሩ ከ250 በላይ ዕፅዋት ከመሬት ከፍ ባሉ መደቦች ላይ ተተክለዋል፤ አንዳንዱ መደብ ከቀጫጭን ዘንግ በተጎነጎነ አጥር ተከቧል። አተካከሉ በመልክ ሳይሆን በጥቅም ነው፤ የመድኃኒቱ፣ የወጡ፣ የማቅለሚያው፣ የአስማቱ ሳይቀር ለየብቻ ተመድቧል። ሥሩ ቀይ የሚሰጠው ማደር፣ ቅጠሉ ሰማያዊ የሚያወጣው ዎድና ቢጫ የሚሰጠው ዌልድ በአንድ ወገን ይታያሉ፤ የምንጣፎቹ ክር የተነከረው በእነዚሁ ሦስት የዕፅዋት ዓይነቶች ስለሆነ፣ አስቀድሞ እዚህ ቆይቶ ከዚያ ወደ ምንጣፎቹ መሄድ ይሻላል። ከመደቦቹ በአንዱ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ያልሆነ ተክል አለ፤ ቡናችን ላይ የምንጨምረው ራሱ ባይሆንም የቅርብ ዘመዱ የሆነ ጤና አዳም። በመካከለኛው ዘመን የፍራንኮች ንጉሥ የነበረው የሻርለማኝ የንጉሣዊ ርስቶች ደንብ እንዲተከሉ ካዘዛቸው ዕፅዋት አንዱ እሱ ነበር።

አጠገቡ ያለው የትሪ ግቢ ትንሽ ነው፤ ጸጥታ ለሚወድ ይስማማዋል።

የኒውዮርክ ግዛት ነዋሪዎች የመግቢያ ዋጋ የሚከፍሉት እንደ ፈቃዳቸው ነው። መደቦቹን በሙሉ ልምላሜያቸው ለማየት ግንቦትና ሰኔ የተመረጡ ናቸው፤ በብርዱ ወራት ግን የኩክሳ መተላለፊያዎች በመስታወት ተዘግተው በሸክላ የተተከሉ ዕፅዋት ስለሚገቡባቸው፣ ያኔም የሚሄድ ሰው ባዶ ግቢ አይጠብቀውም።