ባለ 17 ኢንች የፎቶግራፍ ማተሚያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሰፊ የፎቶግራፍ ማተሚያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ወረቀቱ ስፋት ነው። ለወራት ከሠራሁበት በኋላ ግን ሁለት ጥያቄዎች ከስፋቱ ይቀድማሉ እላለሁ፦ ካርትሪጁ (የቀለም መያዣው) ስንት ሚሊ ሊትር ይይዛል? በየስንት ጊዜውስ አሠራዋለሁ?

የእኔው በፒግመንት ቀለም (በፈሳሽ ውስጥ በተበተነ ደቃቅ የቀለም ብናኝ) የሚሠራ ባለ 17 ኢንች ነው። የፋብሪካውን ስም የተውኩት የምለው አብዛኛው ነገር በተፎካካሪዎቹም ላይ ስለሚሠራ ነው። ሳማርጥ ዐይኔ ያረፈው በባለ 13 ኢንቾቹም ላይ ነበር፤ ዋጋቸው ያጓጓል። ይሁን እንጂ የእነርሱ ካርትሪጆች አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆኑ የባለ 17 ኢንቾቹ 50 ወይም 80 ይይዛሉ፤ በሚሊ ሊትር ሲሰላም ትልቁ ይረክሳል። ከአዲስ ማሽን ጋር የሚመጣው ቀለም ግን አያታልል። የመጀመሪያው ሙሌት ውስጣዊ ቱቦዎቹን ሲሞላ ከካርትሪጁ ጉልህ ድርሻ ይወስዳል።

ትዕግሥቴን የፈተነው ቀለም የሚረጩት ቀዳዳዎች መደፈን ነው። ማሽኑ ሳይሠራ ከሰነበተ ቀለሙ በማተሚያው ራስ ላይ ይደርቃል፤ በተለይ አየሩ ደረቅ ሲሆን። የቀዳዳ መፈተሻውን ገጽ ሳትም ሌሎቹ ቀለሞች ሙሉ ሆነው የፈዛዛው ሰማያዊ ስስ መስመሮች እዚህም እዚያም ተቆራርጠው ይመጣሉ። ሰማይ ያለበት ፎቶ ላይ ይህ ወዲያውኑ ዝንጉርጉር ሆኖ ይታያል። ማጽጃውን ማሠራት ይፈታዋል፤ ግን ያ ሁሉ ውድ ቀለም ወረቀት ሳይነካ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይወርዳል፤ ማጠራቀሚያውም ሲሞላ በገንዘብ የሚተካ ነው። በጽዳት ላይ ጽዳት ከመደራረብ አንዱን አድርጎ ማሽኑን ማሳደር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሁሉም ቀለም ያለበትን ትንሽ ፎቶ በየሳምንቱ ማተም ነው። ማጥፋትም በራሱ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ከተነቀለ የማተሚያው ራስ ሳይከደን ሊቀር ይችላል።

ሌላው ራስ ምታት ጥቁሩ ነው። ለአንጸባራቂ ወረቀት አንድ ጥቁር፣ ለማት (ለማያንጸባርቅ) ወረቀት ሌላ ጥቁር አለ። በእኔው ሁለቱ አንድ መስመር ስለሚጋሩ በተቀያየሩ ቁጥር ቀለም ይባክናል። ስለዚህ አንጸባራቂውን ሁሉ አትሜ ከጨረስኩ በኋላ ነው ወደ ማቱ የምሻገረው። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ለሁለቱም የየራሳቸውን ቀዳዳ ስላበጁላቸው ወረቀት የሚያፈራርቅ ሰው ይህን አይቶ ቢገዛ ዋጋ አለው።

ስለ ኅትመቱ ጥራት አቤቱታ የለኝም። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ በኤ2 ወረቀት ላይ በኢንች ወደ 250 ፒክስል ይደርሳል፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥዕል ከበቂ በላይ ነው። ፒግመንት ከዳይ ቀለም (በፈሳሹ ውስጥ ከሚሟሟው) ይልቅ ብርሃንን ይቋቋማል፤ በአንጻሩ ወረቀቱ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ ላዩ ላይ ስለሚቀመጥ አንጸባራቂ ኅትመትን በመስኮት ብርሃን ዘንበል አድርገው ሲያዩት ነጩና ጥቁሩ እኩል አያብረቀርቁም። እኔ ይህን ስለማልወድ ለጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ባሪታ ወረቀት (ባሪየም ሰልፌት የተቀባ የፎቶ ወረቀት) መርጫለሁ። የጥላው ጥልቀት እዚያ ላይ ሌላ ነው!

ኅትመቱ ጠቆረ ብሎ የሚያማርር ሰው ማሽኑን ከመውቀሱ በፊት ሞኒተሩን ይመልከት። አብዛኛው ስክሪን ከወረቀት እጅግ ስለሚደምቅ ድምቀቱን በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ለየወረቀቱ የተዘጋጀውን የቀለም ፕሮፋይልም (ቀለሙ ለዚያ ወረቀት እንዲስተካከል የሚያደርገውን ፋይል) መጠቀም ግድ ነው። የገመድ አልባው ግንኙነት ይሠራል፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

በወር አንድ ፎቶ የሚያትም ሰው ለባለሙያ ማተሚያ ቤት ቢልክ ያተርፋል። በየሳምንቱ የሚያትም ግን ከመግዛቱ በፊት ጠረጴዛውን ይለካ፤ ወፍራም ወረቀት ሳይታጠፍ በቀጥታ በሚያልፍባቸው ሞዴሎች ከኋላም ከፊትም የወረቀቱን ርዝመት ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ በብሮሹሩ ላይ ያለው የማሽኑ ልክ ይህን አይጨምርም።