ሄርማታ መርካቶ ያለው የእንስሳት መድሃኒት ቤት፣ አሳማ ለምታረቡ

ጅማ ውስጥ አሳማ የምናረባ ሰዎች ጥቂት ነን፣ ስለዚህ የእንስሳት መድሃኒት ቤት ስንገባ የምናገኘው ሁሉ የከብትና የዶሮ እቃ ነው፣ አንዳንዱ ሻጭ ደግሞ ገና አሳማ ስትለው ፊቱ ይለወጣል ቶሎ እንድትወጣለት ነው የሚፈልገው። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ያለው ይሄ ቤት እንደዛ አይደለም። ዶክተሩ ራሳቸው የአሳማ ስጋ የማይበሉ ሰው ናቸው ግን ስለ ላም በሚያወሩበት ድምፅ ነው ስለ አሳማም የሚያወሩት። ስንት አሉህ፣ ምንድነው የምትመግባቸው፣ በቅርብ ያስገባኸው አዲስ አሳማ አለ ወይ፣ ሰፈር ውስጥ የሞተ አለ ወይ፣ ይሄን ሁሉ ጠይቀው ጨርሰው ነው ወደ መደርደሪያው የሚዞሩት። ብዙ ቦታ የሚሸጥልህ ነው ያለው የሚጠይቅህ የለም።

አንድ ቀን አጠገቤ የቆመ ልጅ አሳማዎቼ ትኩሳት ይዟቸዋል ጆሯቸው ቀልቷል ሁለቱ ሞተዋል ኦክሲ ስጡኝ አለ። አልሸጡለትም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ባክቴሪያ ላይ ነው የሚሰራው፣ ይሄ አፍሪካን ስዋይን ፊቨር የሚባለው የአሳማ ትኩሳት ከሆነ ቫይረስ ነው ብርህን ነው የምትጨርሰው አሉት፣ ከዛ ከግቢህ ምንም አሳማ እንዳታወጣ፣ የታመመውን አርደህ ስጋውን እንዳትሸጥ፣ አሁኑኑ ለእንስሳት ጤና ቢሮ ደውል ብለው ስልክ ራሳቸው አውጥተው ሰጡት። በዛች ደቂቃ መሸጥ ይችሉ ነበር እኮ፣ ልጁም ከፍሎ ደስ ብሎት ይሄድ ነበር። እኔ ይሄን ቤት የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሰው ደንግጦ ያሉትን አሳማዎች በርካሽ ሸጦ ለመገላገል ሲሯሯጥ ነው በሽታው ከግቢ ወደ ግቢ የሚሄደው።

ለማያውቅ ሰው፣ ይሄ በሽታ መጀመሪያ የተመዘገበው ኬንያ በፈረንጅ 1921 ነው፣ ሰውን አይዝም፣ አሳማን ግን ከባዱ አይነት ከገባ ያሉትን ሊጨርስ ይችላል። መድሃኒት የለውም እኛ ጋ የሚሰጥ ክትባትም የለም። እኛ ሀገር በፈረንጅ 2011 እና 2014 ከታመሙ አሳማዎች የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ከዛ በፊት የማይታወቅ ዘር ሆኖ ተገኝቶ 23ኛው ጂኖታይፕ (የቫይረሱ የዘር አይነት) ተብሏል፣ ማለትም የውጭ ሀገር ወሬ አይደለም።

እቃዎቹን በተመለከተ፣ ቦቲ ጫማ አለ፣ ወፍራም ጓንት አለ፣ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ አለ፣ ጸረ ተህዋሲያን በዱቄትም በፈሳሽም አለ። ዶክተሩ ብሩሹን ሳትገዛ መድሃኒቱን ብቻ ይዘህ ስትወጣ ይመልሱሃል፣ ጭቃና እበት ያለበትን ቦቲ በር ላይ ባለው የመድሃኒት መንከሪያ ውስጥ ብትዘፈዝፈው ኬሚካሉ ቆሻሻው ላይ ያልቃል ቫይረሱ ጋ አይደርስም፣ መጀመሪያ በውሃና በሳሙና ፈትግ ከዛ ንከር ነው የሚሉት። መንከሪያውም ጣራ ያስፈልገዋል፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ከሰአት ከዘነበበት የቀረው ዝም ብሎ ውሃ ነው። በረኪናም ይሆናል ግን ጠብ አድርጎ በባልዲ መበጥበጥ አይደለም፣ ለዚህ ቫይረስ ክሎሪኑ 2.3 በመቶ ሆኖ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት፣ 5 በመቶ ያለውን በረኪና ግማሽ በግማሽ ብትሉት እዛ ጋ ይመጣል። ከሌላ ኬሚካል ጋር እንዳትቀላቅሉት ብቻ።

የሆቴል ትራፊ ነገር ላይ ደግሞ ዶክተሩ ድርቅ ይላሉ፣ ልክም ናቸው። ፉርሽካና ፋጉሎ በዚህ ዋጋ ማን ይችላል፣ አብዛኞቻችን በየሆቴሉ በርሜል አስቀምጠን ነው የምናረባው፣ ግን ትራፊው ውስጥ የአሳማ ስጋ ቁራጭ ካለ ቫይረሱ እዛ ውስጥ ወራት ይቆያል በረዶ ውስጥ ከነበረ አመታትም ይቆያል። ሞቅ ማድረግ አይበቃም፣ እያማሰሉ ቢያንስ በ90 ዲግሪ ለአንድ ሰአት መቀቀል ነው። የማገዶው ወጪ ያማል አውቃለሁ፣ ግን ከወጪዎቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ የምቀንሰው እሱን ነው። አዲስ አሳማ ሲመጣም ለብቻው 30 ቀን፣ ለብቻው ባልዲ፣ ለብቻው ቦቲ።

አንድ ማንም ሌላ ሻጭ ያላነሳልኝ ነገር፣ ስለ ከርከሮ ጠየቁኝ። ማና፣ ጎማ፣ ሰቃ ጨቆርሳ አካባቢ ጫካ አጠገብ በቆሎ የሚያለማ ሰው የሚያለቅስበት እንስሳ ነው፣ ከርከሮና የጫካ አሳማ ቫይረሱን ይዘው ራሳቸው ሳይታመሙ መኖር ይችላሉ፣ ከርከሮ ጉድጓድ ውስጥ ያለው መዥገርም ያስተላልፋል። ስለዚህ ቡና ስር ለቆ ማርባት የሚባለው ነገር ቀርቶ ድርብ አጥር፣ በሁለቱ መሃል ክፍተት ያለው። አዳኝ ጎረቤት ያላችሁ ደግሞ ያደነውን ይዞ ግቢያችሁ እንዳይገባ።

አሁን ደግሞ የማልወደው። ትልቁን ጄሪካን መግዛት ለማይችል ሰው ፈሳሹን በሃይላንድ እየቀዱ ይሸጣሉ፣ ሃሳቡ ጥሩ ነው ግን ላዩ ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የለም፣ ስሙ የለም፣ ስንት በስንት እንደሚበጠበጥ የለም፣ ኤክስፓየርድ የሚያደርግበት ቀን የለም፣ ልጅ ያለበት ቤት ውሃ መስሎት ቢጠጣውስ? አንድ ወረቀትና ፕላስተር ነው የሚያስፈልገው። ሁለተኛ ሰዉ የታመመ ዶሮና በግ ይዞ እስከ ባንኮኒው ይገባል፣ ሐሙስ ገበያ ቀን ማለፊያ የለም፣ በሩ ላይ ያለው መንከሪያም ብዙ ጊዜ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ነው የማገኘው፣ ሌላውን እንደዛ የሚያስተምር ቤት እሱን በየቀኑ መቀየር አለበት። ለዶክተሩ ነግሬያቸዋለሁ፣ የታመመ እንስሳ በጓሮ በር እንዲገባ እናደርጋለን ብለዋል፣ እስካሁን ግን አልተደረገም።

ዋጋው ከአዲስ አበባ ጨመር ይላል ትራንስፖርት ስላለው፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ በቴሌብር መክፈል ይቻላል። ከሰአት ዶክተሩ ወደ ገጠር ስለሚወጡ ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ብቻ ነው የሚኖረው፣ ትሁት ነው ግን የአሳማ ነገር ብዙም አያውቅም፣ ስለዚህ ምክር ከፈለጋችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ከሐሙስ ውጭ። ከዛ ስትመለሱም የሄዳችሁበትን ጫማ በር ላይ አውልቃችሁ፣ ልብስ ቀይራችሁ፣ እጅ ታጥባችሁ ነው ወደ አሳማዎቹ መግባት።